በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ኦርጋን

ወንድሜ ከውትድርና እንዲቀር ኦርጋን ገዛንለት። ዛሬ ልጆቹ ኪቦርድ የሚሉትን እኛ ያኔ ኦርጋን ነበር የምንለው። ይህን ለዛሬ ልጅ ሳወራው «እንዴት ነው ነገሩ?» ብሎ ያፈጥብኛል። እኔም ደህና አድርጎ አይገባኝም ነበር፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የማይይዘው ነገር የለም።

አምቦ ነን። ሀገረ ሕይወት ብሎ የሚጠራት የመንግሥት ማኅተም ብቻ ነበር። እኔ አውራጃው ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እናቴ ላሞች ነበሯት፤ ወተት በየሰው ቤት ታደርሳለች። አባታችን ልጆች ሳለን ነው የሞተው። ወንድሜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪክ አልመጣለትም፣ ቤት ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ማትሪክ ያልመጣለት ጎረምሳ ማለት ቀበሌ ዓይኑን የጣለበት ሰው ማለት ነው። ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል። ኮታ ይመጣል፤ ኮታው ካልሞላ ደግሞ አፈሳ ነው። ገበያ የወጣ ልጅ በዚያው በጭነት መኪና ይጫናል፤ እናቱ የምትሰማው ከሰው ነው።

እናቴ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋባት። ልጇን ገበያ አትልከው፣ ወንዝ አትልከው። በር በተንኳኳ ቁጥር ወደ ላሞቹ ቤት ትገፈትረዋለች። እሱ ይስቃል። «አዮ፣ ላሞቹስ ቢታፈሱ?» ይላታል። አዮ የምንላት በኦሮምኛ ነው፤ እኛ ቤት ግማሹ ነገር በኦሮምኛ ተጀምሮ በአማርኛ ያልቃል። እሷም «ሳቅ፣ ሳቅ! ጥርስህን እዚያው ያረግፉልሃል» ትለዋለች።

ይህ ልጅ በዓለም ላይ የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ኦርጋን መጫወት። እኛ ጴንጤ ነን፣ ያኔ ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ባይኖርም። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ በእግር እየተረገጠ የሚሠራ አሮጌ ኦርጋን ነበር፣ ሚሲዮኖች ትተውት የሄዱት። ወንድሜ እግሩ መርገጫው ላይ ሳይደርስ ነው የጀመረው፤ እኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ በእጄ እየተጫንኩለት። ካድሬዎቹ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዘጉት ኦርጋኑም ቀበሌ መጋዘን ገባና አይጥ ሆዱን በላው። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚጫወተው። ቁርስ ቀርቦ ሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። እኔ ግን ጣቱን አይቼ መዝሙሩን አውቀዋለሁ።

የአውራጃው የኪነት ቡድን ኃላፊ ይህን ከማን እንደሰማ እንጃ። በየአውራጃው፣ በየቀበሌው ኪነት የሌለበት ቦታ አልነበረም ያኔ፤ ለአብዮት በዓል ይዘፍናሉ፣ ገበሬ ማኅበር እየሄዱ ይቀሰቅሳሉ። ሰውዬው ካኪ ለባሽ፣ ፈገግታ የማይለየው ነበር። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ «ወንድምሽ ጣት አለው አሉ» አለኝ። ደንግጬ ወረቀቱን ከማሽኑ ጋር አጣበቅሁት። «የራሱን ኦርጋን ይዞ ከመጣ ቦታ አለኝ። የኪነት ሰው ለአብዮቱ እዚሁ እያገለገለ ነው፤ አይዘምትም። ከቀበሌው ጋር እኔ እነጋገራለሁ። ግን በመብራት ብቻ የሚሠራ እንዳያመጣ፤ እኛ የምንሄድባቸው ገበሬ ማኅበሮች ውስጥ መብራት የለም» አለ።

ለእናቴ ስነግራት ብዙ አላሰበችም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎቻችን፣ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩት፣ «ልጅሽን ለዓለም ዘፈን ልትሰጪው ነው?» ብለው ወቀሷት። እሷ ምን አለች፦ «እግዚአብሔርን አውቀዋለሁ፤ ይቅር ይለኛል። ቀበሌውን ግን አላውቀውም።» በነጋታው ከላሞቿ አንዷን ዋጋ ተስማምታ ሸጠች።

ያኔ እንዲህ ያለ ዕቃ አምቦ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው አይደለም። አንድ ነጋዴ ነበሩ፣ ከደቡብ የመጡ ሙስሊም፣ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፤ ሚስታቸው የእናቴ የወተት ደንበኛ ናቸው። ሐጂ ነበር የምንላቸው። ድሬዳዋ ዘመድ ነበራቸውና ኮንትሮባንዱ በዚያ በኩል ይመጣላቸዋል። እናቴ ጉዳዩን በሚስታቸው በኩል አስነገረች። ቆይቶ ቆይቶ «ኑና ምረጡ» የሚል መጣ።

በምሳ ሰዓት ሄድን፤ ሱቁ ግማሽ በር ተዘግቷል። ከኋላ ያለው ክፍል ውስጥ የአቡጀዲ ጥቅል ተደርድሯል፣ ጥቅሎቹ ላይ ደግሞ በብርድ ልብስ የተሸፈኑ ሁለት ነገሮች። ሐጂ ብርድ ልብሱን ሲገልጡት እናቴ «ዋቃ ኮ!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። አንዱ ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፤ ሁለት ሰው ካልያዘው የማይነሳ። ሌላው በብብት የሚያዝ፣ ግራጫ፣ ጥርሶቹ ደቃቅ ደቃቅ የሆኑ። «ይኼ የሕፃን መጫወቻ ነው እንዴ?» አለች እናቴ ትንሹን በጣቷ እየነካች። «አዴ፣ ሕፃን አይደለም፤ ገና ያድጋል» ብለው ሐጂ አሾፉባት፤ አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው።

ወንድሜ ወደ ትንሹ ዞር ብሎም አላየ። ትልቁን ከአምፖሉ መስመር ላይ ሰኩለት። ቁጭ ሲል እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሁለቴ ጠረገ። ከዚያ ነካው። የወፈረው ድምፅ ከአቡጀዲው ሥር ሁሉ የሚወጣ መሰለኝ፤ ወለሉ እግሬ ሥር ነዘረኝ። መጫወት የጀመረው መዝሙር ነበር፣ ሳያስበው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሐጂ ጥቂት ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ያምራል፤ ግን ቀንሰው። አንተ በመዝሙሩ፣ እኔ በዕቃው፣ ሁለታችንንም ያስበሉናል» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ልጁን ከቤተ ክርስቲያኑ መዘጋት ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ቀጥሎ ትንሹ። ጣቱ ወፍራም ነው፤ አንዱን ጥርስ ሲጫን ሁለት ይጮሃል። «እኔ በዚህ ልጫወት?» አለና በእጁ ገፋው። ታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ሲፈልግ ጥርሱ ያልቅበታል። በራሱ የሚመታ ከበሮ ነበረው፤ ቁልፉን ሲጫኑት አንዱ የሰልፍ፣ አንዱ የፈረንጅ ዳንስ፣ አንዱ ምኑ እንደሆነ የማይታወቅ። የእኛ አገር ምት አንድም የለበትም። ወንድሜ ግን ነገር ሲገጥመው የማይለቅ ነው፤ ዋልዝ የሚባለውን ይዞ ፍጥነቱን እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ፤ ሲጨርሰው የእኛው የሸዋ ረገዳ ሆኖ ቁጭ አለ። ሐጂ ትከሻቸው ሳያስፈቅዳቸው ተነቃነቀ። «እንዴት አገኘኸው!» አሉ። ወንድሜም ደስ ሳይለው «ይሆናል፣ ምን ይደረግ» አለ።

እኔ ለትልቁ ነበርኩ። ስለ ሙዚቃ አውቄ አይደለም፤ ያብረቀርቃል፣ አማረኝ፣ እሱም ወደደው። «ሰውየው መብራት የለም ያለው እኮ አልፎ አልፎ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ መብራት አለ» ብዬ ተከራከርኩ። ወንድሜ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ትልቁ ተመለሰ። በዚያው መካከል ላይ መብራት ሄደ። አምቦ መብራቷ እንዲህ ነው፣ ቀን አይል ማታ አይል። ድምፁ እንደተዘረጋ ተቆረጠ፤ ጣቱ እየተጫነ ነው፣ ምንም የለም። መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ በጨለማ ቆምን። ሐጂ ትንሹን በዳሰሳ አስነሱት፤ ዋልዙ ቲክ ቲክ ማለት ጀመረ። እናቴ «ጋሪ ዳ!» አለች፤ ጥሩ ነው። «በቃ፣ ይኼ ነው። ስንት ድንጋይ ይበላል?»

ወንድሜ አልተከራከረም። ከሱቁ ስንወጣ ትንሹን ኦርጋን በጋቢ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። ከፊቴ ከፊቴ ይሄድ ነበር፣ ፊቱን እንዳላይበት።

ትልቁን በኋላ የከተማው አዳራሽ ገዛው። አንድ ሆዱ ገፋ ያለ ሰውዬ ተቀመጠበት። ያ ኦርጋን ከአዳራሹ አልወጣም፣ ሰውዬውም አልወጣም። እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ መንገድ ላይ ሳየው ደሜ ይፈላል። ምን አደረገኝ? ምንም።

ወንድሜ ትንሹን ኦርጋን ጫጩት አላት። «ጫጩቴን አምጪልኝ» ይለኛል። ጥፍሩን እስከ ሥጋው ድረስ ቆርጦ፣ በጣቱ ጫፍ ብቻ መጫወት ተማረ። ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ተናደደባት፣ ሰደባት፣ ተመልሶ ያዛት። ድንጋይ ከቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ነበር የሚገኘው፣ ከተገኘ። ሲደክም ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ጠዋት የተሰጣ ድንጋይ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። የእናቴ ጎረቤቶች ጎመን ያደርቃሉ፣ እኛ ድንጋይ እናደርቃለን።

ከኪነቱ ጋር ጊንጪ ሄደ፣ ጉደር ሄደ። ወንጪ ሲሄዱ ጫጩቷን ፈረስ ላይ ጭነው ነው ያወረዷት። ገበሬዎቹ ሽቦው የት እንደተቀበረ ሊያዩ መሬቱን ይፈትሹ ነበር አሉ፤ አንድ ሽማግሌ «ከውስጥ ያለውን ሰው አውጣና ውሃ ስጠው» ብለውት መንገዱን ሙሉ ሲስቅ መጣ። የኪነቱ ኃላፊ ተደሰተ። ቀበሌም ደጃችንን ረሳው። አፈሳው ሲመጣ ወንድሜ መንገድ ዳር ቆሞ ያያል፤ ማንም አይነካውም። ጎረቤታችን አንድ ልጇን ወሰዱባት። ከዚያ በኋላ ለእናቴ ሰላምታ አቆመች። እናቴ ወተት ስትልክላት ወተቱ ተመልሶ መጣ። እናቴ ጣሳውን ይዛ በር ላይ ቆመችና «ማል ጎና» አለች፤ ምን እናድርግ፣ ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ውስጧ ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። የእኛ ቀረ፣ አልን።

ከዚያ አንድ ቀን ኃላፊው ቤታችን መጣ። ወተት ቀዳንለት፣ አልጠጣም። እዚህ ቤት መጥቶ ወተት ያልጠጣ ሰው ደህና ነገር ይዞ አይመጣም። ሰሜን ያለውን ሠራዊት የሚያበረታታ የኪነት ጓድ ከየአውራጃው እየተውጣጣ መሆኑን ነገረን። ሌሎቹ የሚጫወቱባቸው ሁሉ በመብራት ነው። ምሽግ ውስጥ መብራት የለም። ያለመብራት የሚሠራ ኦርጋን በአውራጃው ያለው የእኛ ልጅ ብቻ ነው።

እናቴ ተነሳች። «ጓድ፣ ኪነት አይዘምትም ብለሃል። በአፍህ ነው ያልከው፣ እዚህ ቤት ድረስ ነው የተነገረኝ።»

«ዘመቻ አይደለም፣ አዴ። የሥራ ጉዞ ነው። ዘፍነው ይመለሳሉ።»

«ኦርጋኑን ውሰደው እንግዲህ። ይኸው። ልጁን ተው።»

«ኦርጋኑ ብቻውን አይዘፍንማ» አለ እየሳቀ። ያ ፈገግታው! እናቴ ያን ዕለት ለምናው ለምናው መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንድሜ ብብቷን ይዞ አነሳት፤ «አዮ፣ ተዪ፣ ነውር ነው» እያለ። ኃላፊውም ሰውነቱ አልጠፋም፤ ሲወጣ ቀና ብሎ አላየንም። ከላይ ታዟል። እሱንም ያዘዘው ሌላ አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደላይ ስትወጣ የምትጣላው ሰው ታጣለህ።

የሄደ ጠዋት አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘሁት። እናቴን ቤት አስቀርቻት ነው የመጣሁት፤ እዚያ ብትወድቅ ምን እሆናለሁ። ወንድሜ ጫጩቷን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጓል። በመስኮት «በቃ ግቢ፣ አለቃሽ ይቆጣሻል» አለኝ። እኔ ደግሞ የማይረባ ነገር ነው የተናገርኩት፣ ካልሲህን ቀይር ምናምን።

የኪነት ጓዱ ተመለሰ፤ ወንድሜ አልተመለሰም። ከአውቶቡሱ የወረደችው ዘፋኝ ስታየኝ አቀፈችኝና አለቀሰች፤ የምትለውን ለመስማት ነቀነቅኋት። አልሞተም፣ አለች። አንድ አዛዥ ወዶታል፤ «ይህ ልጅ ከእኛ ጋር ይቆይ፣ ለሠራዊቱ ሞራል ነው» ብሎ አስቀርቶታል። ሌሎቹን በሚመለሰው መኪና ጫኗቸው።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ቢሮ መዞር ሆነ። ኪነት ቢሮ ሄጄ ወንድሜን መልሱልኝ ስል «እኛ ለሠራዊቱ አስረክበናል፣ እዚያ ጠይቂ» ይላሉ። የሠራዊቱ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «ወታደር አይደለም፤ እኛ የምናውቀው የለም» ይላሉ። ቆሰለ እንዴ ብዬ ብጠይቅ ወታደር አይደለም። ሞተ እንዴ ብዬ ብጠይቅ ወታደር አይደለም፣ ያልዘመተ ሰው እንዴት ይሞታል። አንዱ መኮንን እንዲያውም «ልጁ አርቲስት ነው፤ እድለኛ ናችሁ» አለኝ። እድለኛ! ከዚያ ቢሮ ስወጣ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ነው የሄድኩት፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለጎረቤታችን ልጅ መርዶ መጣ፤ ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ፣ ሰው መጣ። ለእኛ መርዶ የሚያረዳ መሥሪያ ቤት አልተገኘም። እናቴም ማልቀስ ፈራች። ባልሞተ ላይ አይለቀስም።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት መንገድ ጎረፈ። በእግሩ፣ የተቀደደ፣ አንዳንዱ መለዮውን ገልብጦ የለበሰ። እናቴ በየቀኑ ጣሳ ውሃ ይዛ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። ለጠማው ሁሉ ትሰጣለች፣ ከዚያ ትጠይቃለች። ኦርጋን የሚጫወት፣ ረጅም፣ ጣቱ ወፍራም። አላውቅም፣ አላውቅም፣ አላውቅም። እኔም ከሥራ ቀርቼ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሥራ የሚባልም አልነበረም ያን ሰሞን።

አንዱ ግን ጣሳውን ከአፉ ሳያወርድ ቀረ። የወለጋ ልጅ ነው፤ ቆስሎ አንድ እግሩን ይጎትታል። «ጫጩት የሚላት ኦርጋን ነበረችው?» አለ።

እናቴ ክንዱን ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።

ልጁ በኦሮምኛ ነው የነገረን። ምሽግ ውስጥ ይጫወትላቸው ነበር፤ ረገዳ ሲመታ የሸዋና የወለጋ ልጆች ተቀምጠው ትከሻቸውን ያንቀጠቅጡ ነበር። ሁሉም ይወደዋል። ከዚያ ድንጋዩ አለቀ። ድንጋይ ከየት ይምጣ፣ ጥይት እንኳ በመከራ ነበር የሚመጣው። ጫጩቷ ዝም ስትል አዛዡ ዝም ብሎ የሚበላ ሰው አልፈልግም አለና የሞተ ሰው ጠመንጃ አንስቶ ሰጠው። ብዙ አልቆየም። በመጀመሪያው ማጥቃት ሌሎቹ መሬት ላይ ሲተኙ እሱ ቆሞ ነበር።

«ለምን ቆመ?» አልኩት። ጮኼበት ነበር፣ እሱ የገደለው ይመስል።

«አላወቀማ እህቴ። እኛ ታፍሰን ስንሄድ መጀመሪያ ማሠልጠኛ ነው ያስገቡን። መቼ እንደምትተኚ፣ እንዴት እንደምትሳቢ፣ የትኛው ድምፅ ወዳንቺ እንደሚመጣ፣ ሁሉንም በዱላ አስተምረውናል። ለዚህ ነው እኔ እዚህ የቆምኩት። እሱን ማን አስተማረው? ቃታው የት እንዳለ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ክንዱን ለቀቀችው። ጣሳውን ተቀበለችው፣ ውሃ ሞልታ መልሳ ሰጠችው፣ ለመንገድ። ወደ ቤት ሄድን። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ አሁን ማልቀስ ይቻል ነበር፣ ሞቱ ታውቋላ። እሷ ግን ነጠላዋን እንኳ አላዘቀዘቀችም። የላሞቹን በር ከፈተች፣ ውስጥ ገብታ ቆመች። ተከትያት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ «በጊዜው ቢያፍሱት ኖሮ መተኛት ይማር ነበር» አለችኝ።